በመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችው ቀንበጥ

ስለዚያ እሑድ ምሳ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ።

ኢንጂነሩ የሚያወራው ይህን ነው። ልጁ ለትውውቅ ያስጋበዘችው ሾፌር ሳሎን ሲገባ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። ገና ወንበሩን ከመያዙ ምላሱ ተሳሰረ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ዋጠው። የውኃ ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ሾርባው ሳይነሣ አገጩ ደረቱ ላይ ወርዶ አንቀላፋ፤ ሲነኩት ባንኖ ተነሣ፣ አፉን በመሐረብ ይዞ እያለከለከ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። "ሰካራም አይጠፋኝም" ይላል ኢንጂነሩ። "ሽቶ ቢቀባ፣ ማስቲካ ቢያኝክ፣ ዓይኑ ያሳብቅበታል።"

ሾፌሩን አጅቦ የሄደው አጎቱ ደግሞ ሌላ ይላል። አጎትየው የአውቶቡስ መካኒክ ነው። "የምን መጠጥ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!" ይላል። "ልጄ ሌሊቱን ሸሚዝ ሲተኩስ ነው ያደረው። ያለቀሰው ስለተናቀ ነው። ያ ሁሉ ወንበር ባለበት ቤት ለእኔ የወጥ ቤት በርጩማ አመጡልኝ። 'አውቶቡስ ለመንዳት ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?' ብሎ ኢንጂነሩ ሲጠይቀው የልጁ ዓይን እንባ ሞላ። ሰው ተንቆ ካላለቀሰ መቼ ሊያለቅስ ነው?"

ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት፤ አልዋሹም። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። በሁለቱ መካከል የተቀመጠችው የኢንጂነሩ ልጅ የትኛውን ማመን እንዳለባት አላወቀችም። የምታውቀው መናደዷን ብቻ ነበር።

*

የኢንጂነሩ ቤት ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው በር ድረስ ግራና ቀኝ ጥድ ተሰልፏል። ጥዶቹን ያስተከላቸው እሱ ነው፤ ያኔ የከተማው መንገዶች ኃላፊ ነበር። ሌሎቹ አበባ የሚያወጣ ዛፍ ይሁን ሲሉ "አበባ ይረግፋል፣ ያቆሽሻል፣ ሰው ያስነጥሳል፤ ጥድ አበባ የለውም" ብሎ ተከራክሮ ረታ። ዛሬም እንግዳ ሲመጣ መስኮት ከፍቶ ሰልፉን ያሳያል። ሚስቱ በየጸደዩ ማስነጠስ ስትጀምር በገዛ እጇ ያሳደገችውን ጽጌረዳ ከግቢው ያስነቀለውም በዚሁ እምነት ነው። ማስነጠሷ ግን አልቆመም። "ሥሩ ቀርቶ ይሆናል" አለና ሥሩንም አስቆፈረው።

ልጁ አስተማሪ ናት። ጠዋት ጠዋት የምትሳፈረው ከጥዶቹ ሥር ከሚነሣው አውቶቡስ ላይ ነው። ሾፌሩን ተሳፋሪ ሁሉ የሚጠራው "ቀስ በሉ" እያለ ነው፤ በር በከፈተ ቁጥር የሚለው እሱኑ ነውና። አንድ ዝናባማ ጠዋት እሷ ብቻዋን ስትወጣ "ቀስ በሉ!" አለ እንደ ልማዱ።

"ብቻዬን ነኝ እኮ። ማንን ነው 'በሉ' የምትለው?"

"አንቺንና ልቤን" አላት፤ ወዲያው በራሱ ድፍረት ደንግጦ ማርሽ ሳተ። አውቶቡሱ ዘለለ። እሷ እስከ ትምህርት ቤቷ ድረስ ስትስቅ ሄደች።

ጸደይ ሲገባ ከበራቸው ጥድ አንዲት ቀንበጥ ቀጥፋ በፊት መስታወቱ ላይ ሰቀለችለት። "ጥድ አይጠወልግም" አለችው። "አንተም እንዳትጠወልግብኝ።" ቀንበጧ ስትደርቅ ትቀይርለታለች። ስትቀይር ደግሞ ጫፏ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያካክሉ ቢጫ ነገሮች የተሰካኩባትን ትመርጣለች፤ ለዓይኗ የምታምረው እንዲህ ያለችው ቀንበጥ ናት። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ ዓይኑን ያሻል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ "የጠዋት ብርድ ነው" ይላል። "የፍቅር ጉንፋን ነው" ትለዋለች እሷ።

በሥራ ቀን ክኒን አይወስድም፤ እንቅልፍ ያመጣል ሲሉ ሰምቷል። ለእሑዱ ምሳ ግን በሰው ፊት እንዳያስነጥስ ፈርቶ ከመድኃኒት ቤት የጉንፋን ክኒን ገዛ፤ አንዱ ቢያንስስ ብሎ ሁለቱን ዋጠ። ከዚያ ያንን ጎዳና በእግሩ፣ በጥዶቹ ሥር፣ በነፋስ ወጣው። መተንፈስ ሲያቅተውም ሰው ፊት ከመውደቅ መሸሽ ይሻላል ብሎ ነው የወጣው። ይህን ሁሉ ግን ያን ቀን ማንም አላወቀም። እሷም አላወቀችም።

*

በዚያው ዕለት ከሰዓት ኢንጂነሩ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ልጁን ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። ታናሽ ወንድሙን የገደለው የሰከረ ሾፌር ነበር፤ ሬሳውን ከአስፋልት ላይ ያነሣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መሪ የያዘ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ካየ የሚታየው ያ አስፋልት ነው።

"አጠገቡ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ" አላት። "'መጠጥ አልሸተተኝም' በይኝ፤ ስልኩን መልሼ አስቀምጣለሁ።"

አልሸተታትም። የሸተታት ሳሙና ብቻ ነበር። ግን ንዴቷ አልበረደም። ያንን ምሳ ለማስፈቀድ ስንት ጊዜ አኩርፋለች፣ ስንት ጊዜ ለምናለች! እሱ ግን አንዴ እንኳ ዞር ብሎ ሳያያት ወጣ። ስትደውልለትም አያነሣም። ደግሞስ ምን ይታወቃል? ሽታ የሌለው ስካርም አለ ይባላል። ይበለው፣ አለች በልቧ፤ ትከሻዋን ሰብቃ ዝም አለች።

ኢንጂነሩ ዝምታዋን እንደ አዎንታ ወሰደው። ለአውቶቡስ ድርጅቱ ደወለ። ወደ ክፍሏ እየሄደች ሳለ ድምፁ ከኋላዋ ደረሰባት፦ "እንዴታ! ልጄ ራሷ ምስክር ናት።"

በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችው። ንዴቷ እዚያው ነበረ፤ አሁን ግን ማን ላይ እንደሆነ አልለይ አላት።

*

ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡሱን ሌላ ሰው ነዳው። በመጨረሻ አዲስ ቀንበጥ በቦርሳዋ ይዛ ወደ ጋራዡ ሄደች። ልትታረቅ ይሁን ልትጣላ ገና አልወሰነችም።

አጎትየው አውቶቡስ ሥር ተጋድሟል።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።"

"ማነው? እኔ የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነው። የሀብታም ጫማ።"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ እኔ ብሎን እያጠበቅሁ ነው። ሰው ማጥበቅ የእናንተ ሥራ ነው" አለ ከሥር። "እዚያ ጎማ ሲያጥብ ታገኚዋለሽ። መሪ ሲነሡት ጎማ ሰጡት።"

ሾፌሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ቀና ሲል ዓይኑ ጠርቷል፤ ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር። መጀመሪያ የወደደችው ያንን ዓይን ነው።

"ዓይንህ ጠራ!" አለች ሳታስበው።

"ጠራ።"

"አየህ? ስታቆም እንዴት እንደሚያምርብህ..."

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። "ምን ሳቆም?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ቃሉ ወጥቷል። መመለሻ የለውም።

"ጨርሺው እንጂ። ምን ሳቆም ነው ያልሽው?"

"አንተ ነህ መጨረስ ያለብህ! ዓይንህ ቀላ፣ ተኛህ፣ ጥለኸኝ ሄድክ፣ ስልክ አታነሣም። እኔ ምን ልበል? ምን ልመን?"

"እኔን! እኔን እመኚ!" ጮኸ፤ ድምፁ ከጋራዡ ቆርቆሮ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። "አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አጠገቤ ቆመሻል። አንድ ቀን መጠጥ ሸቶሻል?"

"አልሸተተኝም።"

"ታዲያ ለአባትሽ ይቺን አንዲት ቃል መንገር ምን ነበረበት? አለቃዬ ጠርቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ልጅቷ ራሷ ምስክር ናት' አለኝ። በጎረቤት ወሬ ቢሆን አይቆረቁረኝም ነበር። ባንቺ አፍ!"

"እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም!"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ! አንድ ቃል አልተናገርሽም!"

አጎትየው ከአውቶቡሱ ሥር ብሎኑን ማጥበቅ አቆመ።

"አንተስ?" አለች። "እኔን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥለህ ስትወጣ ስንት ቃል ተናገርክ?"

"መተንፈስ አቅቶኝ ነው የወጣሁት!"

"ስልክ ማንሣትም አቅቶህ ነው?"

"አዎ አቅቶኝ ነው! አንሥቼ ምን ልበልሽ? 'ሰካራሙ ነኝ' ልበልሽ?"

ቦርሳዋን ከፈተች። ያቺን የመረጠቻትን፣ ቢጫ ጫፍ የሞላባትን ቀንበጥ አውጥታ ደረቱ ላይ ወረወረችበት። "እንካ! አይጠወልግም ያልኩህን እንካ! ይጠውልግ!"

ቀንበጧ ሰማያዊ ቱታው ላይ አርፋ ስትበተን ቢጫ ጭስ የመሰለ ነገር ቡን አለ። ዱቄቱ አንገቱ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ተነሰነሰ። እሱ ሊመልስላት አፉን ከፈተ።

"አንቺ... አንቺ ሰው..." አስነጠሰ። "ሰው አይደለ..." አስነጠሰ። ስድቡ ሁለት ቦታ ተቆረጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አሁን ግን ዓይኑ እያየችው ቀላ፤ የዓይኑ ቆብ አበጠ፤ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ጎማው ላይ ተቀመጠና አየር እየሳበ፣ እየሳበ፣ የሚያገኘው እያነሰ ሄደ።

አጎትየው ከአውቶቡሱ ሥር በጀርባው ተንሸራትቶ ወጣ። "ምን አቀመስሽው?"

"ምንም! ጥድ ነው! ጥድ ብቻ ነው!"

እጇን አየች። መዳፏ ቢጫ ነው። በየሳምንቱ መስታወቱ ላይ የሰቀለችለት፣ በየጠዋቱ ነፋስ እያራገፈ ፊቱ ላይ የበተነው ይኸው ዱቄት ነበር። ያን ደም የለበሰ ዓይን በገዛ እጇ ሠርታው ነበር። አጎትየው መኪና ሲያስነሣ እሷ መዳፏን በልብሷ ላይ ትፈትግ ነበር። ቢጫው አልለቅ አላት።

*

ትንፋሹ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ቤት አንዲት ሐኪም ክንዱ ላይ የተለያየ ጠብታ አድርጋ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችለት። የኢንጂነሩ ልጅም ሳትጠራ መጥታ ጥግ ላይ ቆማለች። የጽጌረዳው ጠብታ ምንም አላለም። የድመቱም። የጥዱ ግን ቀልቶ እንደ ትልቅ የኮት ቁልፍ ተነፋ።

"ሰው ሁሉ የሚወቅሰው የሚያምረውን አበባ ነው" አለች ሐኪሟ። "የጽጌረዳ ዱቄት ከባድ ነው፤ ንብ እንጂ ነፋስ አይሸከመውም። የሚያስቸግረው ዞር ብለን የማናየው ዛፍ ነው። ጥድ አበባ ባይኖረውም እነዚያ ቢጫ ጫፎቹ ዱቄታቸውን በጸደይ ለነፋስ ይሰጣሉ፤ ነፋስ ደግሞ አድራሻ አይመርጥም። ያንተ ሰውነት ጠላት መጣብኝ ብሎ ይዋጋዋል። አለርጂ ማለት ይኸው ነው።" መነጽሯን አወለቀች። "ያን ቀን የዋጥከው ክኒን ደግሞ አንዱም በሬ ያስተኛል። የማያስተኛ አለ፤ እሱን እሰጥሃለሁ። ከጥድ ራቅ።"

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት። "አሁን እንኳ አወቅን" አለችው። "ድርጅቱ ይሰማሃል።"

"ሰምቶኛል። 'የሐኪም ወረቀት መታመምህን ያሳያል፤ አለመጠጣትህን አያሳይም' አሉኝ። ምስክር አለብኝ። ነገ የድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ከዚያ መንጃ ፈቃዴ ይሄዳል።"

"በእኔ ተቀየምክ?"

ቀና ብሎ አያት። የጠራ ዓይን ሲናደድ ከቀላው ይልቅ ያስፈራል።

"ዛፉን ይቅር ብዬዋለሁ" አላት። "ዛፉ አያውቅም።"

ጥሏት ወረደ። እሷ ደረጃው አናት ላይ እንደቆመች ቀረች፤ ይህን ያህል እውነት ማንም ተናግሯት አያውቅም ነበር።

*

"ጥድ አበባ የለውም!" ኢንጂነሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ነው የሚጮኸው። "ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የተጠለለበትን ዛፍ አንዲት ሐኪም በአንድ መርፌ ልትከሰው ነው?"

"አባዬ፣ ና መኪናህን እይ።" ጣቷን በጥቁሩ መኪና ኮፈን ላይ አሻግራ አሳየችው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራ።"

"አቧራ ከመቼ ወዲህ ነው ቢጫ የሆነው?"

ከቤት ውስጥ እናትየው አስነጠሰች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ መሐረቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም።

"ጽጌረዳዬን ነቀልክ" አለች።

"አሁን ይሄ ከዚህ ጋር ምን..."

"ሥሩን አስቆፈርክ። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ እያየሁ። አንዴ እንኳ 'ምናልባት ጥዱ ይሆን?' አላልክም፤ ጥዱ ያንተ ነዋ! ለከተማው ጥላ፣ ለቤትህ ቀጋ። እኔ አስነጥሳለሁ፣ የሰው ልጅ እንጀራውን ያጣል፣ ያንተ ሰልፍ ግን አይነካም!"

"ወንድሜን..." አለ ኢንጂነሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ወንድምህን የገደለው ሌላ ሰው ነው" አለች ልጅቷ። "አባዬ፣ ነገ አብረን ኮሚቴው ፊት እንሂድና ተሳስቻለሁ በል።"

"እኔ ሾፌር ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ የምል ሰው አይደለሁም። ወንድ ከሆነ እዚህ መጥቶ ይናገረኝ።"

ይህን ሲናገር ከታች የአውቶቡስ በር ሲዘጋ ተሰማና ሦስቱም ወደ ጎዳናው ዞሩ። ከታች፣ ከዋናው መንገድ፣ አንድ ሰው በጥዶቹ መካከል እየወጣ ነበር። አረማመዱን ከሩቅ አወቀችው። ነፋሱ ቅርንጫፎቹን ሲያራግፍ ቢጫው ጭስ በላዩ ላይ ያልፋል።

"ተመለስ!" ብላ ጮኸች። "አብደሃል እንዴ? ተመለስ!"

አልተመለሰም። በረንዳው ሥር ሲደርስ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። ልክ የዚያ እሑድ ፊት። ደረጃውን ወጥቶ ኢንጂነሩ አፍንጫ ሥር ቆመ።

"ያሽትቱኝ" አለ።

"ምን?"

"ከታች ስነሣ ዓይኔ ነጭ ነበር፤ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው። ያለፍኩት በእርስዎ ጥድ ነው። አሁን ቀርበው ያሽትቱኝ!"

ኢንጂነሩ ፊቱን አዞረ። የበረንዳውን ብረት ጨበጠ። የሾፌሩ ደረት ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። እናትየው መጣች። እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋች፣ በረጅሙ ሳበች፣ አስነጠሰች።

"ሳሙና" አለች። "የልብስ ሳሙና ነው የሚሸተው።"

"ለእርስዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ ሾፌሩ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ንዴቱ ከእንባው ሥር እንዳለ ነበር። "ይቅርታሽን ፈልጌ አልመጣሁም። ስሜን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ምስክር ነሽ ተብሏል። እንግዲህ መስክሪ።"

አባቷን አየችው። ያ ሁሉ ቁመቱ አጥሮባታል፤ ግን አሁንም አንገቱን አላቀናም፣ አሁንም ዝም ብሏል። ዝምታው የራሷን መሰላት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

"ነገ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ጎዳናው ድረስ ተሰማ። "መጠጥ አልሸተተኝም እላለሁ። አባቴ ሲጠይቀኝም አልሸተተኝም ነበር፤ ተናድጄ ነው ዝም ያልኩት እላለሁ። አባዬ፣ ብትመጣ አጠገብህ እቆማለሁ፤ ባትመጣ ፊት ለፊትህ እቆማለሁ።" የግቢውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ በረንዳው ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ሾፌሩም ዞረች። "አንተ ይቅር ብትለኝም ባትለኝም፣ ከነገ ጀምሮ ጥድ በሌለበት ሰፈር እከራያለሁ። በሩን ግን ክፍት አደርገዋለሁ።"